የላስታ ወጣትና የሩቁ ገበያ፤ የመጀመሪያውን ሥራ ማን ይስጠው?

ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በማያውቁት ገበያ ውስጥ የመጀመሪያውን ዕቃ እንደ መሸጥ የሚያስቸግር ነገር የለም። ሁለተኛውን ዕቃ የሚሸጠው የመጀመሪያው ነው፤ ሦስተኛውንም ሁለተኛው ይሸጠዋል። የመጀመሪያውን ግን የሚሸጥለት የለም። በጥንት ዘመን አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ ወጥቶ በሰቆጣ ገበያ በኩል ወደ ላስታ ደጋ ሲሻገር፣ ባለ ጨው ነጋዴ በየማደሪያው የሚያውቀው ሰው ከሌለው ያን ያህል ተፈላጊ ዕቃ ይዞ እንኳ ሊቸገር ይችል ነበር። ዛሬም ቢሆን ቡና ወይም ሰሊጥ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ ከአዲስ ገዥ ጋር የመጀመሪያውን ውል እስኪዋዋል ድረስ ናሙና ይልካል፤ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ባንኩን ምስክር ይጠራል፤ ከዚያም ይጠብቃል።

እነሆ፣ በላሊበላ ከተማና በአካባቢዋ ይህንኑ ችግር የሚቀምሱ ወጣቶች አሉ። የሚሸጡት ዕቃ ግን ጨውም ቡናም አይደለም። ድምፅን ሰምቶ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው መተርጐም፣ ለንግድ ምልክት ንድፍ ማውጣት፣ የሒሳብ መዝገብ በኮምፒዩተር ማደራጀት፣ ፕሮግራም መጻፍ፤ ይህን የመሰለ የእጅና የአእምሮ ሥራ ነው። ሠራተኛው ከቤቱ ሳይወጣ አሠሪው በለንደን ወይም በቶሮንቶ ሆኖ ሥራው በኢንተርኔት ይታዘዛል፤ በኢንተርኔትም ይረከባል። አማርኛ ገና የራሱን ስም ስላላወጣለት እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ሁሉም «ፍሪላንሰር» እያለ ይጠራዋል። በመሠረቱ ግን ነገሩ አዲስ አይደለም። በፍርድ ቤት ደጃፍ ዣንጥላውን ዘርግቶ ማመልከቻ በሉክ ሒሳብ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ ከእርሱ በፊት የነበረ ፍሪላንሰር ነው፤ ልዩነቱ ባለጉዳዩ ከፊቱ የሚቀመጥ መሆኑ ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ በንግድ ጋዜጣ ላይ መነሣቱ የሚያስገርመው አንባቢ ቢኖር፣ የላሊበላን ያለፉትን ዓመታት ማስታወስ ይበቃዋል። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡ ጀምሮ ከተማይቱ ኑሮዋን በእንግዳ ላይ አድርጋ ቆየች። አስጎብኚው፣ ባለሆቴሉ፣ መስቀልና ሸማ ሻጩ፣ በቅሎ አከራዩ፣ ለሆቴሉ አትክልት የሚያቀርበው ገበሬ ሁሉ የሚበላው ከዚያው ከአንድ ማዕድ ነበር። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገር ሲገባ ማዕዱ ተነሣ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተጀመረ፤ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማይቱን ራሷን ደረሰባት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ላሊበላ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትተላለፍ ሰነበተች። መብራት ለብዙ ወራት አልነበረም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈርሞ ሰው ተስፋ ማድረግ ሲጀምር፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔትም በክልሉ ለብዙ ወራት ተዘጋ።

እንግዳ ሲቀር ደመወዝ ይቀራል። ከደጋው ወርዶ በወልዲያ በኩል ወደ ጅቡቲ ባሕርና ወደ ዓረብ አገር የሚሄደው ወጣት ስንት እንደ ሆነ የሰሜን ወሎ ወላጅ ሁሉ በየቤቱ ቈጥሮታል። ስለዚህ በከተማው ውስጥ ተቀምጦ ከሩቅ አገር ገንዘብ ማግኘት የሚቻልበት መንገድ ካለ፣ የባለሱቁም የአስመጪውም ጉዳይ ነው። በደጋው ውስጥ ገንዘብ ያለው ገዥ ካልኖረ ለማን ይሸጣል?

ከላሊበላ ወደ ወልዲያ የሚወጣ ዕቃ መጀመሪያ ጋሸና ደርሶ ከዚያ የወረታን መንገድ ይዞ መውረድ አለበት። የመኪናው ኪራይ የዕቃውን ትርፍ የሚበላበት ጊዜ ብዙ ነው። የተተረጐመ ጽሑፍ ግን የመኪና ኪራይ የለበትም፤ አይሰበርም፤ አይበሰብስም፤ በጉምሩክ መጋዘንም አያድርም። ከዚህም በቀር ላሊበላ ለዚህ ንግድ የሚሆን አንድ ካፒታል አላት፤ ይኸውም ከእንግዳ ጋር የመነጋገር ልምድ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛና ስፓኝኛ ከእንግዳው አፍ እየለቀሙ የተማሩ አስጎብኚዎች በከተማይቱ የኖሩ ናቸው። የፈረንጅ እንግዳ በሰዓቱ ካልመጡለት እንዴት እንደሚቈጣ፣ እንዴትስ እንደሚበርድ ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት በኮሌጅ የማይሰጥ ሲሆን፣ ለፍሪላንስ ሥራ ግን እኩሌታው ሙያ እርሱ ነው።

ዳሩ ግን የሩቁ ገበያ የራሱ ሥርዓት አለው። ከታወቁት የገበያ ቦታዎች አንዱ አፕወርክ ይባላል፤ ኢላንስና ኦዴስክ የሚባሉ ሁለት ኩባንያዎች ተቀላቅለው እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን ስም ያዙ። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተው ፋይቨር ነው። በመጀመሪያው አሠሪው ሥራውን ያስታውቃል፤ ሠራተኞች ማመልከቻ እያቀረቡ ይወዳደራሉ። በሁለተኛው ሠራተኛው ራሱ እንደ ባለሱቅ ዕቃውን ከነዋጋው ደርድሮ ገዥ ይጠብቃል። ሁለቱም ደላሎች ናቸውና የድለላ ይቈርጣሉ። ፋይቨር ከ100 ዶላር 20 ዶላር ይወስዳል። አፕወርክ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ 10 በመቶ ሲቈርጥ ቆይቶ በ2025 እንደ ሥራው ዓይነት ከ0 እስከ 15 በመቶ አድርጎታል። በአፕወርክ ከዚህ ሌላ «ኮኔክት» የሚባል ነገር አለ፤ ለእያንዳንዱ ማመልከቻ የተወሰነ ቍጥር የሚከፈልበት፣ አንዱ በ15 የአሜሪካ ሳንቲም የሚገዛ የመግቢያ ቲኬት መሆኑ ነው። ሥራውን ያላገኘ ሰው ቲኬቱን ከስሯል። ስለዚህ ሳያስቡ በየደጁ ማመልከት በዚህ ገበያ ገንዘብ ያስወጣል።

ለወጪና ለገቢ ንግድ ሰዎች ግን ከሁሉ ይልቅ የሚገባቸው የአከፋፈሉ ነገር ይሆናል። በቍርጥ ዋጋ የሚሠራ ሥራ በአፕወርክ ሲታዘዝ አሠሪው ሥራው ሳይጀመር ገንዘቡን በደላላው ዘንድ በአደራ ያስቀምጣል፤ ይህም «ኤስክሮው» ይባላል። ሠራተኛው ሥራውን ካስረከበ በኋላ አሠሪው የሚመረምርበት 14 ቀን ይሰጠዋል፤ በ14ቱ ቀን ዝም ካለ ገንዘቡ በራሱ ጊዜ ለሠራተኛው ይለቀቃል። ይህ ከኤል ሲ በምን ይለያል? ገዥው ገንዘቡን በባንክ ያስይዛል፤ ሻጩ ዕቃውን ጭኖ ሰነዱን ያቀርባል፤ ሰነዱ ከውሉ ጋር ከተስማማ ባንኩ ይከፍላል። ጠንቃቃ ላኪ ክፍያው ያልተረጋገጠለትን ዕቃ በመርከብ እንደማይጭን ሁሉ፣ ገንዘቡ በአደራ ያልተያዘለትን ሥራ መጀመር አይገባም። ይህን ነገር ለላሊበላ ወጣት አሳጥሮ የሚነግረው ሰው ቢፈለግ፣ ከኮምፒዩተር መምህሩ ይልቅ 20 ዓመት በወጪ ንግድ የሠራ ሰው ሳይሻል አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንመለስ ቢባል፣ ችግሩ ምስክር ነው። በእነዚህ ገበያዎች ሥራ ያሠራ ሁሉ ሲጨርስ ለሠራተኛው በኮከብ ነጥብ ይሰጣል፤ አስተያየትም ይጽፋል። አዲስ አሠሪ የሚያየው ያንን ነው። 40 ሰው የመሰከረለት አንድ የማኒላ ወይም የናይሮቢ ተርጓሚ ባለበት ቦታ፣ አንድም ምስክር የሌለው የላሊበላ ወጣት በምን ይመረጣል? በአገር ደንብ ገንዘብ የሚበደር ሰው ዋስ ይጠራል፤ ዋስ የሌለው አይበደርም። የሩቁም ገበያ እንዲሁ ነው። ምስክር ለማግኘት ሥራ ያስፈልጋል፤ ሥራ ለማግኘት ደግሞ ምስክር ያስፈልጋል። ብዙው ወጣት በዚህ ክብ ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ዞሮ ዞሮ ተስፋ ይቈርጣል።

እንዲህ ባለ ጊዜ የሚሠሩት ስሕተት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ወጣቱ አንድ ማመልከቻ ይጽፍና ለሁሉም ያንኑ ይልካል። «ክቡር ጌታዬ፣ እኔ ታታሪና ቅን ሠራተኛ ነኝ፤ ማናቸውንም ሥራ በጥራት እሠራለሁ» የሚል ነው። ማናቸውንም ሥራ እሠራለሁ የሚል ሰው የትኛውን ሥራ እንደሚያውቅ አይታወቅም። ሁሉን ነገር የሚሸጥ ሱቅ በገጠር ከተማ ያዋጣ ይሆናል፤ በትልቅ ገበያ ግን ቅመም የሚፈልግ ወደ ቅመም ተራ፣ ብረት የሚፈልግ ወደ ብረት ተራ ነው የሚሄደው። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህን አይስተውም።

ስለዚህ ለላስታ ወጣት የሚሻለው ዕቃውን ማጥበብ ነው። ሠላሳ ደቂቃ የአማርኛ ድምፅ ሰምቶ ያለ ስሕተት ወደ ጽሑፍ መገልበጥ አንድ ዕቃ ነው። ለፊልም የአማርኛ ግርጌ ጽሑፍ ማዘጋጀት ሌላ ነው። የአንድን አስጎብኚ ድርጅት የጣሊያንኛ ደብዳቤ መመለስ ሦስተኛው ነው። ሰቆጣ አካባቢ ያደገና ኽምጣኛ የሚናገር ወጣት ቢሆን ደግሞ በዓለም ገበያ ተወዳዳሪው እጅግ ጥቂት ነው፤ ገዥውም ጥቂት መሆኑ ሳይረሳ። ማመልከቻው አጭር ሆኖ በመጀመሪያው መስመር የአሠሪውን ጉዳይ ያንሣ፤ በሁለተኛው ናሙና ያቅርብ። ቡና ላኪ ስለ ቡናው ጣዕም ሦስት ገጽ አይጽፍም፤ ሦስት መቶ ግራም ናሙና ይልካል እንጂ።

እዚህ ላይ ስለ አዲሶቹ ማሽኖች አንድ ቃል መናገር ያሻል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ቻት ጂፒቲ ከወጣ ወዲህ ተራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጻፍና ተራ ትርጉም መሥራት ዋጋው ወርዷል፤ ማሽኑ በደቂቃ ይሠራዋልና። ይህን ደብቆ ወጣቱን «ተርጓሚ ሁን» ብሎ መምከር ደግ አይደለም። ይሁን እንጂ ማሽኑ በአማርኛ ገና ይንተባተባል። አንቱታን ከአንተታ ያደባልቃል፤ የምሳሌያዊ አነጋገሩን ወርቅ ትቶ ሰሙን ይተረጕማል። ስለዚህ ማሽን የሠራውን የአማርኛ ትርጉም ማረም፣ ለማሽን ማስተማሪያ የሚሆን ድምፅና ጽሑፍ ማዘጋጀትና መለየት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። ክፍያው ሁልጊዜ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም አንዳንዱ አሳፋሪ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ግን በር ይከፍታል።

ትምህርቱን በተመለከተ ነገሩ እንደ ቀድሞው አስቸጋሪ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የፕሮግራም አጻጻፍን፣ የመረጃ ትንተናንና ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ያስተምራል፤ ለጨረሰም የምስክር ወረቀት ይሰጣል። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የምስክር ወረቀቱን በፍሬም አድርጎ ሳሎን ውስጥ የሰቀለ ወጣት ሥራ አገኘ ማለት አይደለም። የውጭ አገር አሠሪ የሚጠይቀው የተማረውን አይደለም፤ ለማን ምን ሠርቶ እንደ ነበር ነው። «ለማን ሠራህ?» ሲባል አንድ ስም መጥራት ያስፈልጋል።

ያ አንድ ስም ከወዴት ይምጣ? የዚህ ጽሑፍ አሳብ፣ ከላሊበላ ገበያ፣ ከባለሱቁ ጠረጴዛ ይምጣ የሚል ነው።

ይህ ሲባል ብዙው ነጋዴ የሚመልሰው የታወቀ ነው። «እኔ ዘንድ ለእንዲህ ያለ ሰው የሚሆን ሥራ የለም» ይላል። በነጋዴ ጽሕፈት ቤት የዋለ ሰው ግን ይህ እውነት እንዳልሆነ ያውቃል። በየመደብሩ ጥግ ሦስት ዓመት ያልተገለበጠ የደረሰኝ ካርቶን አለ። ባለሆቴሉ ለመኝታ የጻፈለትን የውጭ እንግዳ ደብዳቤ በአራተኛው ቀን ይመልሳል፤ እንግዳው በሁለተኛው ቀን ሌላ ሆቴል ይዟል። የላስታን ነጭ ማር የሚሸጠው ነጋዴ ማሩ የተመሰገነ ሆኖ ሳለ በብልቃጡ ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ መስመር እንግሊዝኛ የለውም፤ ያለውም ፊደሉ የተሳሳተ ነው። መስቀልና ሥዕል ሻጩ የዕቃውን ፎቶግራፍ በጨለማ አንሥቶ በቴሌግራም ይልከዋል። አስመጪው ከውጭ የመጣለትን ፕሮፎርማ በችኮላ አንብቦ «ኤፍ ኦ ቢ» የሚለውን «ሲ አይ ኤፍ» መስሎት የመርከቡን ኪራይ ኋላ ይከፍላል። ይህ ሁሉ ሥራ ነው፤ ለዚህ ሁሉ ኪሳራም የሚከፈል ገንዘብ አለ፤ ብቻ በሒሳብ መዝገብ ላይ ስላልተጻፈ አይታይም።

ሌላው መልስ ከዚህ የባሰ ነው። «ልጄ፣ ና ሥራልኝ፤ ልምድ ታገኝበታለህ» የሚለው ነው። ወጣቱ «እሺ፣ ጋሼ» ብሎ ሁለት ሳምንት ይሠራል፤ ምሳ ይበላል፤ ይመረቃል፤ ይሸኛል። ምርቃት ክፉ ነገር አይደለም። ነገር ግን ዋጋ ያልተቈረጠለት ሥራ ቀን አይቈረጥለትም፤ ቀን ያልተቈረጠለት ሥራ አያልቅም፤ ያላለቀ ሥራ ደግሞ ምስክር አይሆንም። ነጋዴውም ያልከፈለበትን ሥራ አይመረምረውም፤ «ይበቃል» ብሎ ይተወዋል። ለሩቁ ገበያ የሚያስፈልገው ልምድ ማለት ግን ሥራውን መመርመር፣ ማስተካከልና በቀኑ ማስረከብ ነው። ስለዚህ ክፍያው 500 ብርም ቢሆን ይከፈል፤ በጽሑፍም ይዋዋሉ። ውሉ ግማሽ ገጽ ቢሆን ይበቃል፤ የሥራው ዓይነት፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ዋጋው፣ ስንት ጊዜ እንደሚታረም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ እንዳይረሳ። ስንት ጊዜ እንደሚታረም ያልተወሰነ የንድፍ ሥራ የሠራተኛውን ዓይን፣ የአሠሪውንም ትዕግሥት አጥፍቶ ያልቃል።

እስቲ ለምሳሌ ያህል አንዲት የ12ኛ ክፍል ትምህርቷን የጨረሰች፣ በሆቴል እንግዳ መቀበያ ሁለት ዓመት የሠራችና ሆቴሉ ሲዘጋ ከሥራ የወጣች ወጣት ትኑር። ከማር ነጋዴው የብልቃጡን ጽሑፍና የዋጋ ዝርዝር በእንግሊዝኛ አዘጋጅታ በአሥር ቀን ታስረክባለች። ከአንድ መንገደኛ ማረፊያ ቤት ደግሞ ለእንግዶች የሚላኩ ስድስት ዓይነት የመልስ ደብዳቤዎች ታዘጋጃለች። ከዚያ በኋላ በሩቁ ገበያ ላይ «ለአነስተኛ ሆቴሎች የእንግዳ ደብዳቤ እመልሳለሁ፤ ናሙናው እነሆ፤ የሠራሁላቸው እነዚህ ናቸው» ብላ ብትቀርብ፣ ማናቸውንም ሥራ እሠራለሁ ከሚለው ተወዳዳሪዋ ጋር አንድ አይደለችም። ሥራው ትንሽ ነው፤ ግን ቁልፍ ነው። በአገር ውስጥም ቢሆን በቴሌግራም ላይ እንደ ፍሪላንስ ኢትዮጵያ ያሉ የሥራ ማገናኛዎች ስላሉ፣ ከብሔራዊው ገበያ ጀምሮ ወደ ውጭው መሻገር ይቻላል። ከላሊበላ በቀጥታ ወደ ኒው ዮርክ መዝለል የግድ አይደለም።

ስለ ገንዘቡ አመጣጥ ነጋዴው ከወጣቱ የበለጠ ያውቃል፤ ይህንንም ዕውቀት ሊያካፍል ይገባል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ግብይትን በገበያ እንዲመራ ካደረገ ወዲህ፣ አስቀድሞ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። አስመጪው በዚህ ነገር መጐዳቱን በየቀኑ ይናገራል። ለፍሪላንሰሩ ግን 2,850 ብር ያወጣ የነበረው 50 ዶላር ከ5,000 ብር በላይ አወጣለት። በዚያው ጊዜ በወጣው ደንብ ከውጭ አገር የሚላክላቸው ወይም በውጭ ምንዛሪ የሚከፈላቸው የአገሪቱ ነዋሪዎች የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍቱ ተፈቅዷል። ስለዚህ ወጣቱ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ከመላኩ በፊት ወደ ባንክ ቤት ሄዶ፣ ገንዘቡ በየትኛው መንገድ እንደሚገባለትና ለማዛወሪያው ስንት እንደሚቈረጥ ይጠይቅ። ሥራውን ሠርቶ ገንዘቡን የሚቀበልበት መንገድ ያጣ ሰው ዕቃውን ወደብ ላይ እንደጣለ ላኪ ነው። ነጋዴው የሚያውቀው የባንክ ሹም ካለ፣ ወጣቱን ይዞ ሄዶ ማስተዋወቅ ከገንዘብ ስጦታ ይበልጣል።

ማስጠንቀቅ የሚያሻው ሌላ ነገር አለ። በቴሌግራምና በሌላም ቦታ «ለመመዝገቢያ ይህን ያህል ብር ላክ፣ ሥራ እንሰጥሃለን» የሚሉ አሉ። ሌሎቹ ደግሞ በመጀመሪያ ትንሽ ገንዘብ ከፍለው ካመኑ በኋላ «ብዙ እንዲከፈልህ ብዙ አስይዝ» ይላሉ። ሠራተኛ ለመሥራት ገንዘብ የሚያስይዝበት ቅን ንግድ የለም። ሦስተኛዎቹ የወጣቱን መታወቂያና ስም ተከራይተው በእርሱ ስም ሊሠሩ ይጠይቁታል። ማኅተሙን ለሰው ያከራየ ነጋዴ ምን እንደሚደርስበት ማስረዳት አያሻም። ከሁሉም የሚያሳዝነው፣ በእነዚህ ሰዎች የሚታለለው ሰነፉ ወጣት ሳይሆን ሥራ ለማግኘት የቸኰለው ትጉሁ መሆኑ ነው።

የመብራትና የኢንተርኔት ነገር ከዚህ ሁሉ የከበደ ነው፤ ሸፋፍኖ ማለፍም አይገባም። ጭነት የዘገየበት ላኪ «መንገድ ተዘጋብኝ» ብሎ ለገዥው ቢጽፍ፣ በኤል ሲው ላይ የመጫኛው ቀን እንዲራዘም መጠየቅ ይችላል። ኢንተርኔት የተቈረጠበት ፍሪላንሰር ግን መቈረጡን የሚናገርበት መንገድ ራሱ ተቈርጧል። ከወዲያኛው ወገን ያለው አሠሪ የሚያየው ዝምታ ብቻ ነው። ቀኑ ያልፋል፤ ኮከቡ ይቀነሳል፤ በሁለት ዓመት የተሠራ ስም በሁለት ሳምንት ይወድቃል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ኢንተርኔት ሲዘጋ በዚህ ሥራ ላይ የነበረ ወጣት ያጣው የዚያን ወር ገቢ ብቻ አይደለም፤ የሰበሰበውን ምስክር ጭምር ነው። የንግድ ምክር ቤቶች ስለ መንገድና ስለ ነዳጅ አቤቱታ ሲያቀርቡ ይህንንም ከመንገዱ እኩል ቢያነሡት የተገባ ነው፤ ለዚህ ንግድ መንገዱ እርሱ ነውና።

መንግሥት እስኪመልስ ድረስ ግን በእጅ ያለ ዘዴም አለ። ወጣቱ ሥራ ሲቀበል «በአካባቢዬ መብራት አንዳንድ ጊዜ ይጠፋልና ሦስት ቀን ለሚፈጀው ሥራ አምስት ቀን እጠይቃለሁ» ብሎ አስቀድሞ ቢናገር አያፍርም፤ ብዙ አሠሪዎች ይህን እውነት ከችኮላ ተስፋ ይልቅ ያከብሩታል። የመቍጠሪያ ሰዓት እየተያዘ፣ ኮምፒዩተሩ በየጊዜው ፎቶግራፍ እየተነሣ የሚከፈልበትን የሰዓት ሥራ ትቶ በቍርጥ ዋጋ የሚሠራውን ይምረጥ፤ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ይቆማል፤ ቍርጡ ግን አይቆምም። የጋራ ባለአደራም ይኑረው፤ ይኸውም በአዲስ አበባ ወይም በሌላ ከተማ ያለ ወንድም ወይም ጓደኛ፣ በስልክ ሲነገረው ለአሠሪው አንድ መስመር የሚጽፍለት። ጄኔሬተር ወይም የፀሐይ ኃይል ያለው ባለሱቅ ደግሞ ማታ መደብሩን ሲዘጋ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሶኬት ለአንድ ልጅ ቢፈቅድ ወጪው ከአንድ አምፖል አይበልጥም።

ይህን የሚያነብ አንዳንድ ነጋዴ፣ «ልጁን አስተምሬ፣ ስም ሰጥቼው፣ ኋላ በዶላር ሲከፈለው ለእኔ ይሠራልኛልን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ቅን ነው። መልሱም፣ አይሠራለት ይሆናል። ነገር ግን ያ ልጅ ከላሊበላ ሳይወጣ ገንዘቡን ከዚያው ሱቅ ይገዛበታል፤ ለእናቱ ዘይት፣ ለቤቱ ቆርቆሮ፣ ለእኅቱ ደብተር። እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚሸጥና እንግዳ ሲቀር የሚዘጋ ሱቅ ስንት ዓመት እንዳሳለፈ የከተማው ነጋዴ ራሱ ያስታውሳል። እንግዳ ተመልሶ ቢመጣ ደግሞ በአራተኛው ቀን ሳይሆን በዚያው ቀን ደብዳቤ የሚመልስ ሰው በከተማው ይኖራል።

የሚቀረው የምስክሩ ደብዳቤ ነው። በአገር ልማድ እንዲህ ያለ ደብዳቤ «ታማኝና ትጉህ መሆኑን እንመሰክራለን» ብሎ በክብ ማኅተም ይዘጋል። ማኅተሙ በውጭ አገር ብዙ አይረዳም፤ ታማኝና ትጉህ የሚለውም ቃል ሁሉም የሚጽፈው ስለሆነ አያስተማምንም። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ሆኖ ምን ሥራ እንደ ተሠራ፣ በስንት ቀን እንደ ተረከበ፣ ሥራው ከዋለ በኋላ ምን እንደ ተለወጠ በሦስት አራት መስመር ይናገር፤ የሚነሣ የስልክ ቍጥርም ይኑርበት። ከወዲያኛው ወገን ደውሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ስልኩን የሚያነሣው ባለሱቅ ብዙ እንግሊዝኛ አያስፈልገውም፤ ሥራው በቀኑ መድረሱንና ዋጋውም መከፈሉን ከተናገረ ይበቃዋል።